ላለማረስ የሚከፈላቸው ጌቶችና ለመፈረም ያፈሩት አባታችን

ውድ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣

በቅርቡ ሁለት ሆነን አንድ አባታችን ቤት ሄድን። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ጎንደር ገጠር በሬ ጠምደው፣ እርፍ ጨብጠው ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። እዚህ ከገቡ በኋላም ጉልበታቸው እስኪደክም በጽዳት ሥራ ነው የኖሩት። ባለቤታቸው ቡና አፈሉልን። ጨዋታው ሞቅ ሲል ከቦርሳችን አንድ ቶፌስ አወጣን። የገቢ ማሟያ ነው፤ ሃሽላማት ሃኽናሳ የሚሉት። ሒሳቡን ቀድመን ሠርተነዋል፤ ይገባቸዋል። የቀረው ፊርማቸው ብቻ ነበር።

ወረቀቱን በጣታቸው ወደ እኛ ገፉት። «ልጆቼ፣ እኔ በላቤ የኖርሁ ሰው ነኝ። በስተርጅናዬ ፈርሜ የመንግሥት ምጽዋት አልበላም» አሉን።

ይህን መልስ ስንሰማ የመጀመሪያችን አይደለም። በልጅነታችን ከእናንተ ጋር መጥተን፣ እዚህ ተምረን፣ ዛሬ አርባውን ያለፍን የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኞች ነን። ይህንኑ ቃል ከገዛ ወላጆቻችን አፍም ሰምተነዋል። ኩራቱን አንንቀውም፤ ያሳደገን እሱ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በዚህ ኩራት ምክንያት መድኃኒት ሳይገዛ የሚቀርበትን፣ ክረምቱን ማሞቂያ ሳይበራ የሚታደርበትን ቤት እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ አንድ መልስ ይዘን መጥተናል። መልሱን ያገኘነው ከገበሬ ዘንድ ነው፤ ያውም ከሩቅ አገር ገበሬ።

ላለማረስ ይከፈላል እንዴ?

አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ የሚባል ግዛት አለ። እዚያ ውስጥ ሰንፍላወር ካውንቲ የሚባል ገጠር አለ፤ ካውንቲ ማለት እንደ አገር ቤት ወረዳ በሉት። ስሙ «የሱፍ አበባ» ማለት ቢሆንም ዋናው ሰብሉ ጥጥ ነበር። ሜዳማና ለም መሬት ነው። ባለ መሬቶቹ ነጮች፣ አራሾቹ በአብዛኛው የባሪያ ልጅ ልጅ የሆኑ ጥቁሮች ነበሩ። አራሹ ያመረተውን ከባለ መሬቱ ጋር ይካፈላል፤ ዘሩን፣ ዱቄቱን፣ ልብሱን በዱቤ ይወስዳል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሲተሳሰቡ ዕዳ ይቀርበታል። ጭሰኛ ለነበረ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1933 የጥጥ ዋጋ ወድቆ ገበሬው ሁሉ ሲከስር፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት አንድ ሕግ አወጣ። ዋጋው የወደቀው ጥጥ ስለበዛ ነው፤ ስለዚህ ገበሬ ያነሰ ይዝራ፣ ላልዘራው መሬት ደግሞ መንግሥት ይክፈለው ተባለ። በዚያው ዓመት የበቀለ ጥጥ፣ ከ10 ሚሊዮን ኤከር በላይ፣ ማለትም ከ40 ሚሊዮን ዱናም በላይ፣ በማረሻ ተገለበጠ። አዎ፣ ላለማረስ ተከፈለ። የዘሩትንም ለመገልበጥ ተከፈለ።

ነገርዬው ለገበሬ ታስቦ ነበር። ችግሩ የመጣው «ገበሬ ማን ነው?» የሚለው ላይ ነው። ከመንግሥት ጋር ውሉን የሚፈርመው ባለ መሬቱ ነው። ቼኩ የሚመጣው በእሱ ስም ነው። ለአራሹ ድርሻውን ማካፈል ነበረበት፤ ብዙው ባለ መሬት ግን «በዱቤ ዕዳህ ይዤዋለሁ» እያለ አስቀረው። ይባስ ብሎ፣ መሬቱ ካልተዘራ አራሽ ምን ያደርግልኛል ብሎ ቤተሰቡን ከነልጆቹ ከጎጆው ያስወጣ ነበር። በቼኩ ትራክተር የገዛም አለ። በ1934 በአርካንሶ ጥቁርና ነጭ ጭሰኞች አንድ ላይ ማኅበር መሥርተው የጮኹት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ለተቸገረ ገበሬ ተብሎ የወጣ ገንዘብ የተቸገረውን ገበሬ ከመሬቱ ነቀለው።

የአንድ ወረዳ ሁለት ሰዎች

ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ1960ዎቹ በዚያው በሰንፍላወር ካውንቲ ሁለት ሰዎች ይኖሩ ነበር።

አንደኛው ጄምስ ኢስትላንድ ይባላል። የሚሲሲፒ ሴናተር ነው። ከ1956 ጀምሮ በሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበር፤ የጥቁሮችን መብት አጥብቆ ይቃወም የነበረ ሰው ነው። በካውንቲው ከ5,000 ኤከር በላይ የጥጥ እርሻ ነበረው። ይህም ከ20,000 ዱናም በላይ መሆኑ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከመንግሥት የሚመጣለት የእርሻ ክፍያ በዓመት ከ100,000 ዶላር ይበልጥ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ብዙ ቤት የሚገዛ ገንዘብ ነው። ሕጉ በሚወጣበት ምክር ቤት ውስጥም እሱ ራሱ ተቀምጧል።

ሁለተኛዋ ፋኒ ሉ ሄመር ትባላለች። ለእናት ለአባቷ 20ኛ ልጅ ናት። በስድስት ዓመቷ ጥጥ መልቀም ጀመረች። በ1962 ለመምረጥ ልመዘገብ ብላ ከተማ ሄደች፤ ለዚህ ብቻ ከ18 ዓመት በላይ ከሠራችበት እርሻ በዚያው ቀን ተባረረች። የመንግሥት የእርሻ ክፍያ ለእሷ አልመጣላትም። ለምን? ክፍያው በመሬት ልክ ነው የሚሰፈረው። ብዙ መሬት ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት፣ ምንም የሌለው ምንም።

አሁን ወደ አባታችን ቃል እንመለስ። ያ ሴናተር በየዓመቱ ፈረመ። በየዓመቱ ተቀበለ። «ምጽዋት በላ» ያለው ጎረቤት ነበር? የለም። ጌታ ነው፣ ባለ ርስት ነው፣ የተከበረ ነው ተባለ። በዚያው ወረዳ ለልጆቿ ምግብ የመንግሥት እርዳታ የጠየቀች መበለት ግን «ሰነፍ» ትባላለች። ሁለቱም ገንዘብ የሚወጣው ከአንድ ካዝና ነው። ታዲያ እፍረቱ ለምን ወደ ድሃዋ ብቻ ሄደ? እፍረትን ያከፋፈለው ገንዘቡ ሳይሆን ሰው ነው።

በነገራችን ላይ ፋኒ ሉ ሄመርም እንደ እናንተ ኩሩ ነበረች። በ1969 በ40 ኤከር መሬት የነፃነት እርሻ የሚባል የኅብረት ሥራ አቋቋመች፤ ድሃ ቤተሰቦች አትክልት ዘርተው ራሳቸውን እንዲቀልቡ። ቀድሞም የርቢ እንስሳ የምታከፋፍልበት ዘዴ ነበራት፤ እንስሳው እኛ የማንነካው አሳማ ቢሆንም ዘዴው የእኛው የርቢ ውል ነው፤ የወለደችለት ቤተሰብ ከግልገሎቹ ለሌላው ያካፍላል። እርሻው ገንዘብ አጥሮት፣ ጎርፍና ድርቅ ተፈራርቆበት በ1970ዎቹ አጋማሽ ተዘጋ። እሷም በ1977 አረፈች። በእጇ ሠርታ ትበላ የነበረችው ይህች ሴት ግን ለድሃ የሚገባው የመንግሥት ገንዘብ ለድሃ እንዲደርስ መታገሏን አልተወችም። ላቧና መብቷ ተጣልተውባት አያውቁም።

ወንበሩ ላይ ማን ተቀመጠ?

ይህን ሁሉ ገንዘብ በወረዳው የሚያዳርሰው ማን ነው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ዋሽንግተን ያለው ሚኒስትር እያንዳንዱን ማሳ አያውቅም። ስለዚህ በየካውንቲው ገበሬዎች የሚመርጡት ኮሚቴ ተቋቋመ። ማን ስንት ኤከር ጥጥ ይዝራ፣ የማን አቤቱታ ይሰማ፣ እነዚህን ነገሮች የሚያየው እሱ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የአገሩን ነገር የአገሩ ሰው ይወቀው ነው።

በወረቀት ላይ ጥቁሩ ገበሬም መምረጥና መመረጥ ይችላል። በተግባር ግን በደቡቡ ክፍል በኮሚቴዎቹ ውስጥ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ጥቁር ሰው ማየት ብርቅ ነበር። የመብት ታጋይ ወጣቶች ይህን ሲያዩ ለፕሬዚዳንት ምርጫ ብቻ አልታገሉም፤ የጥጥ ኮሚቴ ምርጫንም ያዙት። በሚሲሲፒ ገጠር እየዞሩ ገበሬውን «ይህ ወረቀት የድምፅ መስጫ ነው፤ ሞልተህ መልሰው» እያሉ አስተማሩት። ቀላል አልነበረም። የተመረጡትን ማስፈራራት፣ ድምፁ እንዲበታተን የብዙ ጥቁሮችን ስም በዕጩነት መደርደር፣ ይህ ሁሉ ተደርጓል። ያም ሆኖ ቀስ በቀስ ጥቂቶች ገቡ።

ለምን ያን ያህል ለፉ? አፍ ያለው ያግባሽ ወይስ ከብት ያለው ቢሏት፣ «አፍ ያለው ያግባኝ፤ ከብት ያለውንማ አፍ ያለው ይነዳበታል» ያለችውን ሴት አስታውሱ። በዚያ ኮሚቴ ውስጥ አፍ የሌለው ገበሬ መሬት ቢኖረውም ይነዳበት ነበር። ብድር ሲጠይቅ ቆይ ይባላል፤ ገንዘቡ ሲመጣ የዘር ወቅት አልፏል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ የመጣ ዘር ምን ይጠቅማል? ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

በ1920 አሜሪካ ውስጥ ከ900,000 በላይ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። ዛሬ ከ50,000 ያንሳሉ። ሁሉም በኮሚቴ ምክንያት አልጠፉም፤ ወደ ከተማ የፈለሰውም፣ በትራክተር የተተካውም ብዙ ነው። ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የተከለከለ ገንዘብ መሬት ያስለቅቃል።

ጅብ ከሄደ

በ1997 ጥቁር ገበሬዎች የአሜሪካን የግብርና ሚኒስቴር በአድልዎ ከሰሱ። ክሱ ከሰሜን ካሮላይና ገበሬ ከቲሞቲ ፒግፎርድ ስም የተነሣ የፒግፎርድ ጉዳይ ይባላል። የአድልዎ አቤቱታ የሚመረምረው ክፍል ከ1983 ወዲህ ተዳክሞ፣ የገበሬው አቤቱታ ሳይመረመር ሲከማች ኖሮ ነበር። ሰዎቹ ዝም አላሉም ነበር እኮ፤ ጽፈው ነበር። የሚያነብላቸው ነው የጠፋው።

በ1999 ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን አጸደቀ። አቤቱታውን በቀላሉ ማስረጃ ላስረዳ ገበሬ 50,000 ዶላር ይከፈለዋል፣ የመንግሥት ዕዳውም ይሰረዝለታል ተባለ። ከ22,000 በላይ ሰዎች ማመልከቻቸው ታየ፤ ከ15,000 በላይ ተሳካላቸው።

አሁን ልብ በሉ። ማመልከቻ ማስገቢያው ቀን ጥቅምት 1999 ላይ አበቃ። ከዚያ በኋላ «እኛም ተበድለናል፣ አልሰማንም ነበር፣ አሁን አስገቡን» ብለው የመጡት ስንት ይመስሏችኋል? ከ70,000 በላይ። ከእነዚህ የተፈቀደላቸው 2,000 ያህል ብቻ ናቸው። በሰዓቱ ከገባው ከሦስት እጥፍ በላይ ሰው ደጅ ቀረ ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። ለእነዚያ የዘገዩት ምክር ቤቱ 1.25 ቢሊዮን ዶላር እስኪመድብ 2010 ደረሰ። ከአሥር ዓመት በላይ መሆኑ ነው። እስከዚያ ብዙው ሽማግሌ ሞቷል።

ሌላም አለ። ብዙ የጥቁር ገበሬ መሬት ያለ ኑዛዜ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ የወረደ ነው። የወራሾች መሬት ይሉታል። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ያርሰዋል፤ በመዝገብ ግን የአንድ ሰው ስም የለበትም። ስም ከሌለ ደግሞ በእርሻ ቢሮው መዝገብ ቁጥር አይሰጠውም ነበር፤ ቁጥር ከሌለው ብድሩም፣ የድርቅ ካሳውም፣ ሌላው ክፍያም አይደርሰውም። ይህን ለማቃለል ሌላ ዓይነት ማስረጃ እንዲቀበሉ ሕግ የወጣው በ2018 ነው። ገበሬው ግን ዕድሜውን ሙሉ ገበሬ ነበር።

የእርሻ ክፍያው ዛሬም አለ፤ መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም። ዋጋ ሲወድቅ መንግሥት ይከፍላል። ገበሬው ለሰብሉ ኢንሹራንስ ሲገባ ከክፍያው ከግማሽ የሚበልጠውን መንግሥት ይችላል። ከ1985 ጀምሮ ደግሞ መሬቱን ከ10 እስከ 15 ዓመት ሳያርስ ሣር ላለበሰ ኪራይ ይከፈለዋል። ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ አይከፈል የሚል ጣሪያ በ1970 ሲወጣ፣ ብዙ ትልልቅ ባለ መሬቶች እርሻውን በወረቀት ላይ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወንድም ከፋፍለው በየስማቸው ተቀበሉ። ጠበቃ አላቸው፣ ሒሳብ ሠራተኛ አላቸው፣ ቀኑን የሚያስታውስላቸው አለ። ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

እዚህ አገርስ?

እዚህም ገበሬው ይደገፋል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ቼክ ብዙ አይታይም። የወተትና የእንቁላል ምርት በኮታ ነው፤ ኮታ ያለው ሞሻቭና ኪቡትስ ያመርታል፣ ሌላው አይችልም። ከውጭ በሚገባ ብዙ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ቀረጥ ይጣላል፤ ይህም የእዚህ አገር ምርት ዋጋው እንዳይወድቅ ያግዛል። ለእርሻ የሚሰጠው ውኃም ከቤት ውኃ ይረክሳል። በ2021 መንግሥት ቀረጡን እንቀንስ፣ በምትኩ ለገበሬው በቀጥታ እንክፈለው ሲል ገበሬዎች መንገድ ዘግተው ተቃወሙ።

ስለዚህ ሱፐር ገብታችሁ እንቁላል ስትገዙ፣ ለአንድ ገበሬ ድጋፍ እየከፈላችሁ ነው። ይህን የምንለው ገበሬውን ለመንቀፍ አይደለም። አገር ያለ ገበሬ አይሆንም፤ እናንተ ይህን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ለማለት የፈለግነው፣ የሞሻቩ ሰው ኮታውን ይዞ «ምጽዋት እበላለሁ» ብሎ አንገቱን አይደፋም። የሚገባኝ ነው ይላል። ሲነኩበት መንገድ ይዘጋል።

እኛ ደግሞ ታሪካችን ሌላ ነው። ከአፄ ይስሐቅ ዘመን ወዲህ ርስት ተነፈግን እያላችሁ ነገራችሁናል። የሰው መሬት አርሰን እኩል ወይም ሲሶ እየሰጠን፣ በቀጥቃጭነት፣ በሸክላ፣ በሽመና ኖርን። በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ በ1975፣ መሬት ለአራሹ ሲታወጅ በገበሬ ማኅበር መዝገብ ስሙ የተጻፈ መሬት አገኘ። ያኔም መዝገቡ ላይ ስምህ አለ ወይ ነበር ጥያቄው። ከዚያ በ1984 እና በ1985፣ በ1991ም ስንገባ የሞሻቩ መሬትና ኮታው በአብዛኛው ከእኛ በፊት ተደልድሎ ነበር። ገበሬዎች መጣን፣ ለካራቫንና ለከተማ ፎቅ ሆንን። እርፍ የጨበጠ እጅ መጥረጊያ ጨበጠ። በሠራችሁበት ዓመት ሁሉ ግን ከደመወዛችሁ ለቢቱዋህ ሌኡሚ ተቆርጧል። ዕቃ በገዛችሁ ቁጥር ማዓም ከፍላችኋል። ይህ ቶፌስ ልመና የሚሆነው እንዴት ነው?

ሦስት ነገር እንለምናችሁ

አንደኛ፣ የሚገባችሁን ምጽዋት አትበሉት። ምጽዋት ሰጪው ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይተዋል። ይህ ግን በሕግ የተጻፈ ነው፤ ስሙም ዝኹዮት፣ መብት ነው። ለማኝ ደጅ ይጠናል፤ ባለ መብት ይፈርማል፣ ቢከለከል ይከሳል።

ሁለተኛ፣ ቀኑን ፍሩት። እነዚያን 70,000 ገበሬዎች አስታውሱ። ቢቱዋህ ሌኡሚ አብዛኛውን ክፍያ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚከፍለው ቢበዛ ለ12 ወር ነው፤ ጭራሽ ወደ ኋላ የማይከፈልባቸውም አሉ። የሦስት ዓመት መብታችሁን ዛሬ ብትጠይቁ ሁለቱ ዓመት ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አታስገቡት። ፖስታውን አትጣሉት፤ ቀኑ አለበት። ቅጂ ያዙ። «አይገባህም» የሚል መልስ ቢመጣም ነገሩ አላለቀም። ይግባኝ አለው፣ እሱም ቀን አለው። በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው ሲዩዓ ሚሽፓቲ፣ የሕግ ድጋፍ ክፍሉ፣ እንዲህ ባለ ጉዳይ ጠበቃ ይመድባል።

እባካችሁ ደግሞ ደብዳቤውን የአሥር ዓመት ልጅ አታስነብቡ። እኛ ያን ልጅ ነበርን። የወላጆቻችንን ወረቀት በማናውቀው ቃል እየተረጎምን አድገናል። ስንሳሳት አታውቁም ነበር፤ እኛም አናውቅም ነበር። ልጁ ትምህርቱን ይማር፤ ደብዳቤውን ለአዋቂ አምጡት።

ሦስተኛ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የሚሲሲፒ ወጣቶች የጥጥ ኮሚቴውን ያልናቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ ከተማ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ቫዓድ አለ፣ የሕንፃው ቫዓድ ባይት አለ፣ የከተማው ምክር ቤት አለ፤ የኅብረተሰባችን ገንዘብ የት ይዋል የሚባልባቸው ስብሰባዎች አሉ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» ብላችሁ አሳደጋችሁን። ለጨዋነት ጥሩ ነው። በኮሚቴ ፊት ግን ዝም ባለ አፍ እንጀራም አይገባበትም። ዕብራይስጡ ባይሰምር በአማርኛ ተናገሩ፤ አስተርጓሚ ይጥሩ፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ለራሳችንም የምንለው አለ

ይህን ሁሉ ብለን ጥፋቱን በእናንተ ላይ ጥለን አንሄድም። የፒግፎርድን ጉዳይ ደግማችሁ እዩት። እነዚያ ገበሬዎች ቀኑን ጠብቀው የጻፉም ነበሩባቸው፤ አቤቱታቸውን ነው ሳይመረመር የተዉት። ፈርሞ በሰዓቱ አስገብቶም የሚከለከል ሰው አለ። ማንበብ ለማይችል አዛውንት በማያውቀው ቋንቋ ደብዳቤ ልኮ «ቀኑን አሳለፈ» ማለት ፍትሕ አይደለም። እኛም የማኅበራዊ ሥራ ሠራተኞች በጥድፊያ «እዚህ ፈርሙ» ብለን፣ ምን እንደሆነ ሳናስረዳ የሄድንባቸው ቀኖች ነበሩ። አባታችን ወረቀቱን የገፉት ስላፈሩ ብቻ ላይሆን ይችላል። ፈርመው የተጎዱበትን ቀን አስታውሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኛን ጠይቁን። «ይህ ምንድን ነው? ብፈርም ምን ይመጣል? ባልፈርም ምን ይቀራል?» በሉን። ሳንመልስ ከቤታችሁ አንወጣም።

«የመንግሥት ገንዘብ ሰው ያሰንፋል» የሚሉም አሉ። ለጎልማሳው ሥራ ይቅደም ቢሉን አብረናቸው ነን። ግን ሰማንያ ዓመት የሞላውን አራሽ ምን ያሰንፈዋል? ደግሞስ ይህ ስጋት ለምን ሁልጊዜ ለድሃው ብቻ ይነሣል? ያ ሴናተር በ100,000 ዶላር ሰነፈ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ለአባታችን ይህንኑ ታሪክ ነገርናቸው። ላለማረስ ይከፈላል ስንል ሳቁ፤ «እንዴት ያለ አገር ነው!» አሉ። ስለዚያች ሴት ስንነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ያ ትልቁ ሰው ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር?»

«አይመስለንም፣ አባባ» አልናቸው።

መነጽራቸውን አስመጡ። እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ አስነበቡን፤ አንድ ሰዓት ፈጀ። ስማቸውን ኡልፓን በተማሩት የዕብራይስጥ ፊደል፣ ቀስ ብለው፣ በትልቁ ጻፉ። መልሱ ገና አልመጣም። ቢከለክሉም ይግባኙን አብረናቸው እንጽፋለን።

እናንተም መሳቢያችሁን ክፈቱ። ያልተከፈተ ፖስታ ካለ በዚህ ሳምንት ይከፈት። በየከተማው ያለነውን ልጆቻችሁን ጥሩን፤ ቡና ባይፈላም እንመጣለን።